ስለ ትውልድ ከተማችሁ በእንግሊዝኛ ሲጠይቋችሁ፦ ለአይኤልትስ የንግግር ፈተና የሚሆን መመሪያ

«ሌትስ ቶክ አባውት ዩር ሆምታውን።» በአይኤልትስ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ፣ የንግግር ፈተና ላይ ፈታኙ ስማችሁን ጠይቆ መታወቂያችሁን ካየ በኋላ ከሚያነሳቸው የመጀመሪያ ርዕሶች አንዱ ይህ ሊሆን ይችላል። ሲሰሙት ቀላል ነው። ያደገበትን ከተማ የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን ለፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችን ሳለማምድ ብዙዎች የሚንገዳገዱት እዚሁ ቀላል ጥያቄ ላይ ነው።

ምክንያቱ ይገባኛል። ትምህርት ቤት ስለ ከተማ መናገር ያስተማረን በጂኦግራፊ ደብተር ነው። ከተማው ከአዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ነው፣ የሕዝቡ ብዛት፣ የአየር ንብረቱ፣ የቱሪስት መስህቡ። ተፈታኙ ይህን በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል። ከዚያ ፈታኙ «እዚያ መኖር ትወዳለህ? ለምን?» ሲለው ቃል ያጥረዋል። ስለ ከተማው ብዙ መረጃ ይዟል፤ እዚያ ስለኖረው ኑሮ ግን በእንግሊዝኛ ተናግሮ አያውቅም። ፈታኙ መስማት የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ኑሮ ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን ደሴን ይዤ እሄዳለሁ። እናንተ በደሴ ቦታ ጅማን፣ ጎንደርን፣ ድሬዳዋን ወይም የራሳችሁን ትንሽ ከተማ አስገቡ።

ከሁሉ በፊት ፈተናውን እወቁት

የአይኤልትስ የንግግር ፈተና ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይፈጃል። ፊት ለፊትም ይሁን በቪዲዮ፣ የሚያናግራችሁ ሰው ነው። ንግግሩ በድምፅ ይቀረጻል፤ መቅጃው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አትደንግጡ።

ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያው፣ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ፣ ስለ ቤታችሁ፣ ስለ ከተማችሁ፣ ስለ ሥራ ወይም ትምህርታችሁ አጫጭር ጥያቄዎች ትጠየቃላችሁ። በሁለተኛው ርዕስ የተጻፈበት ካርድ፣ ወረቀትና እርሳስ ይሰጣችኋል። 1 ደቂቃ ታስባላችሁ፤ ከዚያ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ብቻችሁን ትናገራላችሁ። ሦስተኛው ከ4 እስከ 5 ደቂቃ የሚቆይ ሰፋ ያለ ውይይት ነው። ትውልድ ከተማ በዋናነት የመጀመሪያው ክፍል ጥያቄ ነው፤ ዘመዶቹ ግን በሁለተኛውም በሦስተኛውም ሊመጡ ይችላሉ።

ውጤቱ በአራት ነገር ይመዘናል፤ አራቱም እኩል ክብደት አላቸው። ሳትደናቀፉ ሐሳብ እያያዛችሁ መናገራችሁ አንድ። የቃላት ሀብታችሁ ሁለት። ሰዋስዋችሁ ሦስት። የድምፅ አወጣጣችሁ አራት። የከተማችሁ ውበት ከአራቱ ውስጥ የለም። ታሪኩም የለም። ከላሊበላ የመጣ ሰው አውራ ጎዳና ዳር ካለች ስም የለሽ ከተማ ከመጣ ሰው አንድ ነጥብ አይበልጥም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ብዙ ጭንቀት ያቀላል።

1. የትኛውን ከተማ እንደምታወሩ ወስኑ

ብዙዎቻችን የተወለድንበት፣ ያደግንበትና አሁን የምንኖርበት ቦታ የተለያየ ነው። ወረኢሉ ተወልዶ፣ ደሴ ተምሮ፣ አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው «ሆምታውን» ሲባል የቱን ልበል ብሎ ይቆማል። ይህ ማመንታት ፈተናው ክፍል ውስጥ መሆን የለበትም። ቤታችሁ ሆናችሁ ጨርሱት።

ብዙ የምታወሩለትን ምረጡ። የግድ የተወለዳችሁበት መሆን የለበትም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «አይ ዎዝ ቦርን ኢን ወረኢሉ፣ በት አይ ግሩ አፕ ኢን ደሴ፣ ሶ ደሴ ኢዝ ማይ ሆምታውን።» ተወለድኩ፣ አደግሁ፣ ስለዚህ ከተማዬ ይቺ ናት። አለቀ።

ዱባይ ወይም ሪያድ ሆናችሁ የምትፈተኑ ደግሞ ከአገር ከወጣችሁ ዓመታት ስላለፉ ስለ ከተማችሁ አሁን ምን እንደምትሉ ሊቸግራችሁ ይችላል። «አይ ሃቭ ቢን ሊቪንግ ኢን ዱባይ ፎር ሲክስ ይርስ፣ በት ማይ ፋሚሊ ኢዝ ስቲል ኢን ደሴ» ብላችሁ ጀምሩ። ይህ ዓረፍተ ነገር ሐቁንም ይናገራል፣ ፈታኙ የሚወደውን የሰዋስው ቅርጽም ይዟል።

አዲስ አበባ ተወልዳችሁ ካደጋችሁ ስለ መላው ከተማ አትናገሩ። ከእጅ ይወጣል። ሰፈራችሁን ያዙ። «አይ ግሩ አፕ ኢን ጉለሌ፣ ኢን ዘ ኖርዝ ኦፍ አዲስ አበባ» ብሎ ስለ ጉለሌ ማውራት ስለ አፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ከመተረክ ይቀላል።

2. የቱሪስት ብሮሹሩን አስቀምጡና የራሳችሁን አውጡ

ይህኛው እርምጃ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ጊዜ ይገባዋል። እዚህ ላይ ከሠራችሁ የቀረው ይቀላል።

መጀመሪያ የምትጥሉትን ልንገራችሁ። «ቴንክ ዩ ፎር ጊቪንግ ሚ ዚስ ቻንስ» የሚለውን መግቢያ ጣሉት፤ ክፍል ፊት ወጥተን ስናቀርብ የለመድነው ነው፣ እዚህ ቦታ የለውም። «ሰርቲን መንዝስ ኦፍ ሰንሻይን» የሚለውን መፈክር ጣሉ። «ዘ ዌዘር ኢዝ ኮንዲዩሲቭ» የሚለውንም እንዲሁ። ይህች «ኮንዲዩሲቭ» ከዩኒቨርሲቲ ወረቀት ወጥታ በሁላችንም አፍ ገብታለች። ስለ አየር ግን የሚሰማ ነገር አትናገርም፤ ሙቀት ይሁን ብርድ አይታወቅም።

አሁን ወረቀት ያዙና በአማርኛ ጻፉ። አዎ፣ በአማርኛ። መጀመሪያ የሚፈለገው ነገሩ ነው፤ እንግሊዝኛው ይከተላል። ራሳችሁን እንዲህ ጠይቁ፦ ጠዋት ከቤት ስወጣ የማየው ምንድን ነው? ከተማው የሚደምቀው በየትኛው ቀን ነው? እንግዳ ሲመጣ የት እወስደዋለሁ? ልጅ ሆኜ ያልነበረ፣ አሁን ያለ ነገር ምንድን ነው? የሚያማርረኝስ?

የደሴ ልጅ ይህን ቢሠራ የሚወጣው እንዲህ ያለ ነው። ጦሳ ተራራ ከከተማው አናት ላይ ነው፤ በክረምት ጉሙ ከላይ ወርዶ መንገዱን ይውጠዋል። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ይደረባል። ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወረድ የሐረጎ ጠመዝማዛ አለ፤ ታክሲው ኩርባ በታጠፈ ቁጥር አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፣ ደሴ ላይ ጃኬት የለበሰ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ አውልቆ ክንዱ ላይ ይዞታል። ሰኞ ገበያ አለ። ፒያሳ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሸዋ በር የሚባሉ ሰፈሮች አሉ። የመስጊድ አዛንና የቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ በአንድ ማለዳ ይሰማሉ።

ከእነዚህ የጃኬቱን ነገር ብቻ ውሰዱ። በቀላል እንግሊዝኛ፦ «ፒፕል ሊቭ ደሴ ዊዝ ኤ ጃኬት ኦን፣ ኤንድ ዌን ዜይ አራይቭ ኢን ኮምቦልቻ ዜይ አር ካሪዪንግ ኢት።» አንድም ከባድ ቃል የለውም። ግን የኖረበት ሰው ካልሆነ ማንም አይናገረውም። ከዚያ ላይ «ቢኮዝ ኮምቦልቻ ኢዝ ማች ሎወር ኤንድ ዋርመር» ብትሉ ምክንያትና ንጽጽርም ጨመራችሁ። «አልቲትዩዱ ይህን ያህል ሜትር ነው» ከማለት ይህ ለሰዋስዋችሁም ለቃላታችሁም ይበልጥ ይጠቅማል።

ሙዚቃ የሚወድ የወሎ ልጅ ደግሞ ሌላ ሀብት አለው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። «ቱ ኦፍ አወር ትራዲሽናል ሚውዚካል ስኬልስ አር ኔምድ አፍተር ፕሌስስ ኒር ማይ ታውን» ማለት ይችላል። መረጃ ነው፤ ግን ልቡ ያለበት መረጃ ስለሆነ ፈታኙ ቢከተል የሚለው አያጣም። መለኪያችሁ ይህ ይሁን፦ ፈታኙ «ንገረኝ እስቲ» ቢል ሁለት ዓረፍተ ነገር መጨመር የምትችሉበትን ብቻ ያዙ።

3. መልሱን ሦስት ቀለበት አድርጉት

ከባህላችን የመጣ አንድ ችግር አለ። ትልቅ ሰው ወይም ባለሥልጣን ሲጠይቀን አጭር መልስ ሰጥቶ ዝም ማለት ጨዋነት ነው። ማብዛት ነውር ነው። ፈተናው ክፍል ውስጥ ይህ ጨዋነት ነጥብ ያስቀንሳል። «ዱ ዩ ላይክ ዩር ሆምታውን?» ሲባል «የስ፣ ቬሪ ማች» ብሎ ያቆመ ሰው ለፈታኙ የሚመዝነው ነገር አልሰጠውም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ክፍል ጥያቄዎች ሦስት ነገር አያይዙ፦ መልሱ፣ ምክንያቱ፣ ከራሳችሁ አንድ ምሳሌ። እንዲህ፦

«የስ፣ አይ ዱ፣ ሜይንሊ ቢኮዝ ኦፍ ዘ ማውንቴን። ኢት ስታንድስ ራይት አባቭ ዘ ታውን። ዌን አይ ዎዝ ኤ ቻይልድ፣ አይ ዩዝድ ቱ ዎች ዘ ክላውድስ ካም ዳውን ኦን ማይ ዌይ ቱ ስኩል።»

አዎ፤ ምክንያቱ ተራራው ነው፤ ልጅ ሆኜ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ደመናው ሲወርድ አይ ነበር። ከዚህ በላይ አታስረዝሙ። ሦስት ወይም አራት ዓረፍተ ነገር ለመጀመሪያው ክፍል በቂ ነው። ፈታኙ መሐል ገብቶ ሌላ ጥያቄ ቢያነሳ አጥፍታችኋል ማለት አይደለም፤ ሰዓቱን እየጠበቀ ነው።

ይህን ቅርጽ ያዙ፣ ዓረፍተ ነገሩን ግን አትሸምድዱ። የሸመደደ ሰው ይታወቃል። ድምፁ አንድ ወጥ ይሆናል፣ ዓይኑ ጣሪያ ላይ ይሰቀላል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል። ፈታኞች ይህን ለመለየት የሠለጠኑ ናቸው። ከቴሌግራም የወረደ ዝግጁ መልስ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲል መልሱ አብሮ አይዞርም።

4. ጊዜን የሚያሳይ ግሥ ላይ ሥሩ

የከተማ ጥያቄ ውስጥ ሦስት ጊዜ አለ፦ ድሮ፣ አሁን፣ ወደፊት። «ከልጅነትህ ወዲህ ተለውጧል?» እና «ወደፊት እዚያ መኖር ትፈልጋለህ?» የሚሉት የተለመዱ ናቸው። ሦስቱን በትክክል መለዋወጥ የቻለ ሰው ሰዋስውን አሳይቷል።

ለለውጥ «ኢት ሃዝ ቼንጅድ ኤ ሎት» በሉ። ድሮ ለነበረና አሁን ለሌለ «ዩዝድ ቱ» የምትባለው ትሠራለች፦ «ዜር ዩዝድ ቱ ቢ ሆርስ ካርትስ ኦን አወር ሮድ፤ ናው ኢት ኢዝ ፉል ኦፍ ባጃጅስ።» ድሮ ጋሪ ነበር፣ ዛሬ መንገዱ ባጃጅ ነው። ለወደፊት «አይ ዉድ ላይክ ቱ ጎ ባክ ዋን ደይ፣ ኢፍ አይ ፋይንድ ኤ ጉድ ጆብ ዜር።»

ከአማርኛችን የሚመጡ ሦስት ስሕተቶችንም ቶሎ አርሙ። አንዱ «አይ ቦርን ኢን» ነው፤ «አይ ዎዝ ቦርን ኢን» ይባላል። ሁለተኛው «ፒፕል ኢዝ» ነው፤ ሕዝቡ በአማርኛ ነጠላ ስለሆነ ነው የምንስተው፣ እዚያ «ፒፕል አር» ነው። ሦስተኛው «ማይ ሆምታውን፣ ኢት ኢዝ ቢውቲፉል» ማለት ነው። ባለቤቱን ሁለት ጊዜ አትጥሩ፤ «ማይ ሆምታውን ኢዝ ቢውቲፉል» ይበቃል።

የኛ ዘመን አቆጣጠር ደግሞ ወጥመድ አለው። «ኢን 2008» ብላችሁ በኛ አቆጣጠር ብትናገሩ ፈታኙ የሚሰማው የራሱን 2008 ነው። የኛ 2008 ዓ.ም. በእነሱ 2015 እና 2016 ላይ ያርፋል። መሐል ላይ ሆናችሁ ሰባትና ስምንት ስትቀንሱና ስትደምሩ ንግግሩ ይቆማል። ዓመት አትጥሩ፤ «አባውት ቴን ይርስ አጎ» በሉ። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ገበያው ሦስት ሰዓት ላይ ይሞላል ለማለት «አት ስሪ» ካላችሁ ሌላ ሰዓት ሆነ። «አት ናይን ኢን ዘ ሞርኒንግ» ወይም በቀላሉ «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ይሻላል።

5. የኛን ነገር በአንድ ሐረግ አስረዱ

ቀበሌ፣ ባጃጅ፣ ጤፍ፣ ዕድር፣ ጋቢ። እነዚህን መሸሽ አያስፈልግም። ስሙን ጥሩና ወዲያው በጥቂት ቃል አስረዱ። «ባጃጅ፣ ኤ ስሪ ዊልድ ታክሲ።» «ጋቢ፣ ኤ ቲክ ኮተን ብላንኬት ዌ ራፕ አራውንድ አወር ሾልደርስ።» «ዕድር፣ ኤ ግሩፕ ኦፍ ኔበርስ ሁ ሄልፕ ኢች አዘር ዌን ሰምዋን ዳይስ።» አንድን ነገር ስሙ ሲጠፋ ወይም ሰሚው ሲያጣው ዞሮ ማስረዳት መቻል ራሱ ነጥብ ያለው ችሎታ ነው። አሥር ያህል የከተማችሁን ነገሮች መርጣችሁ እንዲህ ተለማመዱ። ዕድር ላይ ብትደርሱ የጎረቤት ጥያቄ ሲመጣም ያገለግላችኋል።

6. ድምፁን አስተካክሉ

የኢትዮጵያዊ ቅላጼ ስላላችሁ ነጥብ አይቀነስባችሁም። የሚመዘነው ሰሚው ሳይቸገር መረዳቱ ነው። ስለዚህ እንደ ቢቢሲ ለመናገር አትድከሙ። ሰሚውን የሚያደናግሩትን ብቻ አርሙ።

«ስትሪት»ን «እስትሪት»፣ «ስኩል»ን «እስኩል» ማለት የተለመደ ነው። መጀመሪያ ላይ «እ» አትጨምሩ። «ቼንጅድ» አንድ ምት ነው፤ «ቼንጂድ» አይባልም። «ዎክድ» መጨረሻው ወደ «ት» ይጠጋል። «ማውንቴን» ላይ ጉልበቱ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው፣ የኋለኛው ላላ ያለ ነው። መኖርና መልቀቅ የሚሉት ሁለቱ «ሊቭ» ቃላት ደግሞ በአናባቢ ርዝመት ይለያያሉ። መኖር ያለበትን ረዘም አድርጋችሁ ከተናገራችሁ «ደሴ እኖራለሁ» ያላችሁት «ደሴን እለቃለሁ» ሆኖ ይሰማል። ስለ ከተማ በሚወራበት ርዕስ ይህ ቃል በየመልሱ ስለሚመጣ ልምምዱ ይገባዋል። አጭሩንና ረጅሙን እያፈራረቃችሁ ስልካችሁ ላይ ቅዱና አዳምጡት።

7. የከበደ መልስ ሲኖራችሁ

ይህን ብዙ መመሪያዎች አያነሱትም። ፈታኙ ፈገግ ብሎ «ከተማህ ለመኖር ጥሩ ነው?» ይላል። እናንተ ግን ጦርነት ያለፈበት ከተማ ልጆች ልትሆኑ ትችላላችሁ። ደሴ ራሷ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደርሶባት ብዙ ሰው ከቤቱ ተሰዷል። ጥያቄው ድንገት ሲመጣ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል።

ምርጫ አላችሁ። ስለዚያ ማውራት ግዴታ አይደለም፤ ስለ ሌላ ከተማ መናገርም ይቻላል። መናገር ከፈለጋችሁ ግን በልክ የሆነ ዓረፍተ ነገር ቀድማችሁ ያዙ፦ «ኢት ዌንት ስሩ ኤ ዲፊከልት ታይም ኤ ፍው ይርስ አጎ፣ በት ፒፕል አር ሪቢልዲንግ ዜር ላይቭስ።» ከዚህ በኋላ ወደምትወዱት ነገር ተሻገሩ፣ ወደ ገበያው ወይም ወደ ተራራው። የማንን ጥፋት መተንተን ውስጥ አትግቡ። ሊፈረድባችሁ ስለሚችል አይደለም፤ ፈታኙ አመለካከታችሁን አይመዝንም። ስሜት ያለበት ነገር በሁለተኛ ቋንቋ ሲነገር ቃል ስለሚያጥር ነው።

ከተማችሁን የማትወዱም ከሆነ ውደዱ የሚል ደንብ የለም። «ቱ ቢ ኦነስት፣ አይ ፋውንድ ኢት ቦሪንግ አዝ ኤ ቲኔጀር፣ ቢኮዝ ዜር ዎዝ ኖዌር ቱ ጎ አፍተር ስኩል» ጥሩ መልስ ነው። ምክንያት አለው፣ የራስ ነው።

8. ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ሲመጣ

ካርዱ ላይ «ለእንግዳ ልታሳየው የምትፈልገውን በከተማህ ያለ ቦታ ግለጽ» የሚል ሊመጣ ይችላል። በ1 ደቂቃ ውስጥ ዓረፍተ ነገር አትጻፉ፤ አያልቅም። አምስት ስድስት ቃል ጻፉ፣ በአማርኛም ይሁን። የሰኞ ገበያን ለመረጠ ሰው፦ ሰኞ፣ አህያ፣ እማዬ፣ ጤፍ፣ መዳፍ፣ ለውጥ።

ከዚያ ከሩቅ ጀምራችሁ ቅረቡ። ገበያው የትና መቼ እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ገበሬው ከየአቅጣጫው እህሉን በአህያ ጭኖ ሲወርድ አሳዩ። ከዚያ አንድ ነገር ላይ ቁሙ። ጤፍ ሲገዛ እናታችሁ ምን እንደምታደርግ አስቡ። ከጆንያው ቆንጥራ መዳፏ ላይ ታደርገዋለች፣ በጣቷ ትዘረጋዋለች፣ እፍ ትለዋለች፣ አሸዋ እንዳለው ወደ ብርሃን አዙራ ታያለች። ባለጤፉ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ዋጋ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። «ማይ ማዘር ፑትስ ኤ ሊትል ጤፍ ኦን ሀር ፓልም፣ ብሎውስ ኦን ኢት፣ ኤንድ ሉክስ ፎር ሳንድ። ዘ ሴለር ጀስት ዌትስ።» ይህን በዝግታ ስትናገሩ ሰላሳ ሴኮንድ ሄደ። ቃላቱ ቀላል ናቸው፣ ሥዕሉ ግን ሙሉ ነው። መጨረሻ ላይ ካርዱ «ለምን» ብሎ ስለሚጠይቅ ለምን እንግዳ እዚያ እንደምትወስዱ ንገሩ። 2 ደቂቃ ሲሞላ ፈታኙ ያስቆማችኋል፤ ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ቢሆንም ግድ የለም።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ጥያቄው ከእናንተ ይርቃል። ወጣቶች ትንንሽ ከተማን ለቀው ለምን ወደ ትልቅ ከተማ ይሄዳሉ? ከተሞች ሲያድጉ ምን ይጠፋል? እዚህ «አይ» (እኔ) ማለት ቀንሱና «ሜኒ ያንግ ፒፕል» ማለት ጀምሩ። አንዱን ወገን ከነምክንያቱ፣ ከዚያ ሌላውን። «ሜኒ ያንግ ፒፕል ሊቭ ፎር ጆብስ። ኦን ዘ አዘር ሃንድ፣ ላይፍ ኢን ኤ ስሞል ታውን ኢዝ ቺፐር፣ ኤንድ ኔበርስ ኖው ኢች አዘር።» የዩኒቨርሲቲ መከፈት ከተማን እንዴት እንደሚለውጥ የምታውቁ ከሆነ፣ ለምሳሌ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ ስላለው፣ በምሳሌነት አምጡት።

9. ልምምዱና የፈተናው ቀን

ስልክ ላይ መቅዳት ከሁሉ ይሻላል። አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ሳትጽፉ መልሱ፣ አዳምጡ። በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ጥያቄ በሌላ ምሳሌ መልሱ። አንዱን ቀን በተራራው፣ ሌላውን ቀን በብርዱ፣ ሌላውን በባጃጁ። እንዲህ ስታፈራርቁ መሸምደድ አይቻልም፤ አፋችሁ ግን ይፈታል። የሚያዳምጣችሁ ሰው ካገኛችሁ ከተማችሁን የማያውቅ ይሁን። የሰፈር ልጅ ሳትጨርሱ ስለሚገባው አያስጨንቃችሁም፤ የማያውቅ ሰው ግን «ምን ማለት ነው?» ይላችኋል።

ፈተናው ቀን ጥያቄው ካልተሰማችሁ «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሪፒት ዘ ክወስችን፣ ፕሊዝ?» በሉ። ይህ አያስቀንስም። በግምት ሌላ ነገር መመለስ ግን ጊዜያችሁን ይበላል። ለማሰብ አፍታ ካስፈለጋችሁ «ሌት ሚ ቲንክ» ብላችሁ ትንሽ ቆዩ፤ «እእእ» ከማለት ይሻላል። ስትሳሳቱ ወዲያው አርማችሁ ቀጥሉ፤ ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግም። ድምፃችሁ መቅጃው ላይ በደንብ እንዲገባ ከፍ አድርጋችሁ ተናገሩ፣ ፈታኙን ዓይን ዓይኑን እዩ። በአንዳንድ መልስ ላይ ፈታኙ ፊቱን ሳይለውጥ ቀጣዩን ጥያቄ ያነሳል። ሥራው እንዲያ ስለሆነ ነው፤ ከፊቱ ውጤት ለማንበብ አትሞክሩ።